ዝም ያለ ሕፃን ሁሉ አልተሻለውም

ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሕፃን ሲያመው እንዴት እንደሚታወቅ ይህን የምጽፈው የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ዋርድ ለምትመደቡ ወጣት ነርሶች ነው። ሐኪሞችም ብታነቡት አይከፋኝም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ከኦፕሬሽን በወጡ ሕፃናት አልጋ አጠገብ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ፤ ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ መምከር ይወዳል። ቻሉኝ።

ጨቅላ ሕፃን ሕመም አይሰማውም የተባለበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ፣ ባደጉት አገሮች ሳይቀር፣ ብዙ ጨቅላዎች ጡንቻ የሚያስር መድኃኒት ተሰጥቷቸው በቂ ማስታገሻ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ሐኪሞቹ ጨካኞች ሆነው አይደለም። ነርቩ ገና አልበሰለም፣ አያስታውሰውም፣ ማደንዘዣው ራሱ ይገድለዋል ብለው ያምኑ ነበር። በ1987 (እ.ኤ.አ.) ሐኪሙ ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ እንግሊዝ ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ቡድን ፌንታኒል የሚባል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ጨመሩ። ፌንታኒል ያላገኙት ሰውነታቸው በጭንቀት ሆርሞን ተጥለቀለቀ። ከኦፕሬሽኑ በኋላም የባሰ ችግር የገጠማቸው እነሱ ናቸው።

እምነቱ ከመጻሕፍት ወጣ እንጂ ከዋርድ ጨርሶ አልወጣም። «ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል» ሲባል ዛሬም ትሰማላችሁ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የካናዳ ጥናት ግን ሳይደነዝዙ የተገረዙ ወንድ ልጆች ከወራት በኋላ ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት ይበልጥ እንደሚያማቸው አሳይቷል።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት የሕመም መለኪያ ቅጽ ፍላክ የሚባለው ነው። ከ2 ወር እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። ፊት፣ እግር፣ እንቅስቃሴ፣ ለቅሶ፣ ሲያባብሉት መረጋጋቱ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይያዛል፣ ድምሩ ከ10 ነው። ለጨቅላዎች ኒፕስና ክራይስ የሚባሉ መለኪያዎች አሉ። ቅጹን መሙላት በአንድ ቀን ትለምዱታላችሁ። የሚከብደው ማየቱ ነው።

እስቲ የላይኛው ከንፈሩ የተሰፋለትን የ5 ወር ልጅ ውሰዱ። ቅጹ ፊቱን እዩ ይላል። አፉ አብጧል፣ ስፌቱም ስቦታል፤ ከአፉ ብዙ አታነቡም። ስፌቱን እንዳይነካ ክንዱ ታስሯል፣ ስለዚህ እጁም አይናገርም። እናቱ ብርድ እንዳይመታው ጥቅልል አድርጋዋለች፣ እግሩም አይታይም። የቀረላችሁ ግንባሩ ነው። በቅንድቦቹ መሐል ያለው ቆዳ ተሰብስቦ ጎላ ካለ፣ ዓይኑንም ጥርቅም አድርጎ ከጨፈነ፣ አሞታል ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጉ። እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቧል? ስትዘረጉለት መልሶ ያጥፈዋል? ግንባሩን ግን ሳትነኩት፣ ራቅ ብላችሁ እዩ። ጋዋን ሲጠጋው የሚያለቅስ ልጅ ያስታወሰው መርፌውን ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዝምተኛው ልጅ ልምጣ፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ለረጅም ሰዓት ሲያመው የቆየ ሕፃን ለለቅሶ አቅም ያጣል። ክንዱ ይዝላል፣ ፊቱ ይፈዝዛል። ሆዱ የተከፈተ ልጅ ደግሞ መንቀሳቀስ ስለሚያመው ድርቅ ብሎ ይተኛል፤ ትንፋሹ አጭር አጭር ይሆናል። ሌላም አለ። በጀርባው በኩል ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ የተሰጠው ልጅ ዋርድ ሲደርስ ሰላማዊ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ መድኃኒቱ ሲለቀው ግን ዋርዱን ያናውጠዋል። ከማደንዘዣ ባለሙያው መቼ እንደተሰጠው ጠይቃችሁ፣ ሳይለቀው በፊት ማስታገሻውን አድርሱለት።

እናቱን ጠይቁ። ሲስተር ትቆጣኛለች ብላ ዝም የምትል እናት ብዙ ናት። ስለዚህ «እህቴ፣ ይሄ ለቅሶ ሲርበው ከሚያለቅሰው ይለያል?» በሏት። ይለያል ካለች እመኗት። እርግጥ ለቅሶ ሁሉ የቁስል አይደለም። ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) የገባበት እጅ አብጦ እንደሆነ፣ ዳይፐሩ፣ እግሩ በጀሶ ከታሰረ የጣቶቹ ቀለም፣ ሁሉም ይታይ። በማስታገሻ የማይበርድ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካያችሁ ደግሞ መድኃኒት ከመደራረባችሁ በፊት ሐኪሙን ጥሩ። ደም መፍሰስ ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ስለ መድኃኒት አንድ ቅሬታ አለኝ። «ካስፈለገ ይሰጠው» ብሎ ማዘዝ ለሕፃን አይሆንም። ማን ይጠይቅለታል? ኦፕሬሽኑ ትልቅ ከሆነ፣ የሚከለክል ነገር እስከሌለ ድረስ፣ ፓራሲታሞሉ በኪሎው ተሰልቶ በሰዓቱ እንዲሰጥ አሳዝዙ። ሞርፊን ሲታዘዝ ሱስ ያስይዘዋል ብላችሁ አትሽሹ። ለጥቂት ቀን ሕመም በልኩ የተሰጠ ሞርፊን ሕፃንን ሱሰኛ አያደርግም። መፍራት ያለባችሁ ትንፋሹን ነው፤ በተለይ ገና ጨቅላ ከሆነ። ትንፋሹን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፣ ኦክስጅኑን ተከታተሉ፣ የሞርፊንን ኃይል የሚያፈርሰው ናሎክሶን የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ።

ከሰጣችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ለኩ። ቻርት ላይ 7 ተጽፎ፣ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የሌለበትን ገጽ ስንቴ እንዳየሁ አትጠይቁኝ። 7ቱ ወደ 2 ወርዶ ይሁን ወደ 9 ወጥቶ ማን ያውቃል? ለተረኛዋ ስታስረክቡም «ደህና አድሯል» ብላችሁ ብቻ አትውጡ። የመጨረሻው ነጥብ ስንት እንደነበር፣ ማስታገሻው በስንት ሰዓት እንደተሰጠና ቀጣዩ መቼ እንደሚደርስ ንገሯት። አልጋው ድረስ ሄዳችሁ ግንባሩን አብራችሁ እዩ።