አኳሪየም ከመብሳት በፊት፦ የቴምፐርድ መስታወት ጥያቄና መልስ

ውኃው ከሥር ወዳለው ማጣሪያ እንዲወርድ አኳሪየማችሁን መብሳት የፈለጋችሁ ወሎዬዎች ብዙ ጠይቃችኋል። በተራ ልመልስ።

ከደሴ፦ መስታወቱ ላይ ማህተም የለም። ልብሳው?

ቆይ ወንድሜ። «ቴምፐርድ» (እንዲጠነክር ግሎ በድንገት የቀዘቀዘ መስታወት) የሚል ማህተም ካለ ነገሩ አለቀ፣ ሲበሳ ስለሚበታተን አይነካም። ማህተም ስለሌለ ግን ተራ መስታወት ነው ማለት አይደለም። ብዙው የአኳሪየም መስታወት ምንም ሳይጻፍበት ነው የሚመጣው። ደግሞ ወለሉ ቴምፐርድ፣ ጎኖቹ ተራ የሆኑ አኳሪየሞች ሞልተዋል። እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው ፈትሽ።

ከኮምቦልቻ፦ በምን ላረጋግጥ? መሣሪያ የለኝም።

አብሽሪ እህቴ፣ ላፕቶፕና ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ይበቃሻል። የላፕቶፑ ስክሪን ኤልሲዲ ይሁን። ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቺና ደረቁ አኳሪየም ውስጥ አስቀምጪው፤ ስክሪኑ ወደምትፈትሺው ገጽ ይዙር። ክፍሉን አጨልሚ። መጀመሪያ መስታወቱ ሳይጋርድሽ ስክሪኑን በመነጽሩ እያየሽ፣ እስኪጠቁር ድረስ መነጽሩን አዙሪው። ጨርሶ ካልጠቆረ መነጽሩ ፖላራይዝድ አይደለም፣ ሌላ ተዋሺ። ከጠቆረ መነጽሩን እንደያዝሽ ከውጭ በመስታወቱ በኩል ተመልከቺ። ተራ ከሆነ ጥቁረቱ እንዳለ ይቆያል። ቴምፐርድ ከሆነ ግን በተለይ ጠርዝና ማዕዘኑ አካባቢ ብርሃን ያፈተልካል፤ ደመና የመሰለ፣ አንዳንዴም ባለቀለም መስመር ታያለሽ።

ዓይንሽን ለማስለመድ በዚያው መነጽር የመኪና የኋላ መስታወት በቀን እዪ። እዚያ የምታዪው ዥንጉርጉር የቴምፐርድ ምልክት ነው።

ከወልድያ፦ አንኳኩቶ በድምፁ መለየትስ?

አይታመንም።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ ቴምፐርድ ቢሆንስ በዳይመንድ ፑንታ ቀስ ተብሎ አይበሳም?

አይበሳም፣ እባክህን እንዳትሞክር። ይህ መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በኃይለኛ አየር በድንገት የቀዘቀዘ ነው። ላዩ ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ መሀሉ ተወጥሮ ነው የሚኖረው። ፑንታው ላዩን አልፎ የተወጠረውን ሲነካ ገጹ በሙሉ ይበታተናል። ቀስ ማለትህ አያድንህም። ፋብሪካዎችም የሚበሱት ከማጋላቸው በፊት ነው። ይልቅ ሳትበሳ ውኃውን ወደ ማጣሪያው የሚያወርድ፣ ጠርዙ ላይ የሚንጠለጠል፣ በሲፎን የሚሠራ ሳጥን ተጠቀም።

ከደሴ፦ ወለሉ ቴምፐርድ፣ የኋላው ተራ ሆኖ አገኘሁት።

እንግዲያው የኋላውን ብሳው። ከቀዳዳው ጫፍ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ተው። ድሪሉን በዝግታ አሽከርክር፤ የመዶሻውን ምት አጥፋ። ውኃ ሳታቋርጥ አፍስስበት፤ ድሪሉ በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራ ከሆነ ውኃው እንዳይደርስበት፣ በባትሪ የሚሠራ ብትዋስ ይሻላል። ከጀርባ ፕላስተር ለጥፍ። ሊያልቅ ሲል እጅህን ይበልጥ አቅልል፤ ጀርባው የሚሸረፈው ያኔ ነው።