ሻጭ ውሉን ሲያፈርስ ኪሣራው እንዴት ይሰላል?

የአንባቢያን የሕግ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መኖሪያ ቤት በ4,800,000 ብር ለመግዛት ውልና ማስረጃ ቀርበን ተፈራረምን። 1,500,000 ብር ቅድሚያ ከፍያለሁ። ሻጩ የካቲት 30 ቀን ስም አዛውሮ ሊያስረክበኝ ቃል ቢገባም፣ ዋጋው ሲወደድ ጊዜ «ገንዘብሽን ውሰጂ» አለኝ። ውሉ ላይ «ያፈረሰ ወገን 50,000 ብር ገደብ ይከፍላል» ተብሏል። የዋጋውን ልዩነት፣ የቤት ኪራይ፣ የደላላ፣ ወለዱንም ሁሉ መጠየቅ እችላለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ገንዘቡን ከመቀበልዎ በፊት የሚፈርሙበትን ወረቀት ደጋግመው ያንብቡ። ሻጮች ቅድሚያ ክፍያውን ሲመልሱ «ከእንግዲህ አንዳችም ጥያቄ የለኝም» የሚል ሐረግ ያስገባሉ። እሱን ከፈረሙ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ አንድ ነገር ይወስኑ፦ ቤቱን ነው የሚፈልጉት ወይስ ካሣውን? የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1771 ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲሰረዝ የመጠየቅ ምርጫ ይሰጥዎታል፤ በቁጥር 1790 መሠረት ከሁለቱም ጋር ኪሣራ መጠየቅ ይቻላል። የኪሣራው ዓይነት ግን ይለያያል። ቤቱን ካገኙ የሚጠይቁት የመዘግየቱን ጉዳት ብቻ ነው፤ ውሉ ከተሰረዘ የዋጋው ልዩነት ይመጣል። ቤቱንም ልዩነቱንም የሚሰጥ ፍርድ ቤት የለም። ቤቱ እስካሁን በሻጩ ስም ከሆነና ቀሪውን 3,300,000 ብር መክፈል ከቻሉ፣ እኛ የምንመክረው አፈጻጸሙን መጠየቅና በዚያው ቀን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 ቤቱ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ እግድ ማመልከት ነው። ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ገበያ ቤቱ ራሱ ከማንኛውም ስሌት የተሻለ ካሣ ነው።

በሁለቱም መንገድ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ። የማስረከቢያው ቀን በውሉ ተወስኖ ስላለፈ ቁጥር 1775 ያለ ማስጠንቀቂያም ሊያስኬድዎ ይችላል፤ ቢሆንም ይስጡ። «በ15 ቀን ውስጥ ስሙን አዛውረህ አስረክብ፤ ቀሪውን ክፍያ አዘጋጅቻለሁ» ይበሉ፤ መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃም ይያዙ። በዚያው ሰሞን ቀሪው ገንዘብ በእጅዎ እንደነበረ የሚያሳይ የባንክ መግለጫ ያውጡ። ቁጥር 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ወገን ሌላውን እንዳይጠይቅ ስለሚከለክል፣ የሻጮች የመጀመሪያ መከላከያ «ቀሪውን አልከፈለችኝም» የሚል ነው። ብዙ ጥሩ ክስ የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ውሉ ይሰረዝ ካሉ ቁጥር 1799 የሚሰጥዎት፣ በአእምሮ ሚዛናዊ ሰው ግምት ውሉ ባለመፈጸሙ በተለምዶ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። ለቤት ገዢ ይህ ማለት ተመሳሳይ ቤት ለመግዛት የምትጨምረው ገንዘብ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲያልቅ የዚያ ዓይነት ቤት 6,600,000 ብር ያወጣ ነበር እንበል፤ ልዩነቱ 1,800,000 ብር ነው። ቅድሚያ የከፈሉት 1,500,000 ብር በዚህ ውስጥ አይገባም። እሱ በቁጥር 1815 የሚመለስ የራስዎ ገንዘብ ነው፤ ለብቻው ይጻፉት።

ኪራይ፣ ደላላና ወለድ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ቅርጫት ያስቡ፤ አንደኛው «ውሉ ቢፈጸም ኖሮ» የት እደርስ ነበር የሚለው፣ ሁለተኛው «ውሉን ባልገባ ኖሮ» የሚለው። ከሁለቱም መዝገን አይቻልም። የዋጋ ልዩነት የመጀመሪያው ቅርጫት ነው። ውሉ ቢፈጸም ኖሮ ደላላውንና የምዝገባውን ወጪ ያው ይከፍሉ ስለነበር፣ እነዚህን ከልዩነቱ ጋር ደርቦ መጠየቅ ድርብ ካሣ ይሆናል። ሌላ ቤት ገዝተው ደላላ ሁለተኛ ጊዜ ከከፈሉ ግን ሁለተኛው ክፍያ ተገቢ ኪሣራ ነው። ኪራዩም ከማስረከቢያው ቀን እስከ ስረዛው ያለው ብቻ ይታሰባል፤ በወር 18,000 ብር ለ8 ወር ቢሆን 144,000 ብር። ለእነዚያው ወራት በ1,500,000 ብሩ ላይ ሕጋዊ ወለድ መጨመር አይቻልም። ቤቱ ውስጥ ቢገቡ ኖሮ ገንዘቡ ከሻጩ ዘንድ በቀረ ነበርና። በቁጥር 1751 የተወሰነውን 9 በመቶ ሊመለስ በሚገባው ገንዘብ ላይ ከስረዛው በኋላ ያስቡ፤ በዓመት 135,000 ብር ይመጣል።

ልዩነቱን ለማስረዳት የቤት ግምት ሲጠየቅ የሚያጋጥመውን ልንገርዎ። የመሐንዲስ ግምት አብዛኛውን ጊዜ የግንባታ ወጪን ይቆጥራል፦ ብሎኬት፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ የእጅ ዋጋ። ገዢው የሚከፍለው ግን ለአካባቢውም ጭምር ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ለገማቹ የሚሰጠው ትእዛዝ ሲጻፍ «በዚህ ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ» የሚለው ቃል እንዲገባ አጥብቀው ይጠይቁ፤ በዚያ ሰፈር በቅርቡ የተመዘገቡ ሽያጮችንና የባንክ ግምትን በማስረጃ ዝርዝርዎ ያካትቱ። ቀኑንም አያራዝሙት። ቁጥር 1802 ጉዳት የደረሰበት ወገን ያለ ከባድ ወጪና ችግር ጉዳቱን እንዲቀንስ ስለሚያስገድድ፣ ሁለት ዓመት ተቀምጠው በዛሬ ዋጋ ሲጠይቁ ሻጩ «ያኔ ሌላ መግዛት ትችል ነበር» ይላል። በውሉ ላይ ዋጋው ለግብር ተብሎ ዝቅ ብሎ ተጽፎ ከሆነም የስሌቱ መነሻ ችግር ይሆናል። የተጻፈውን ውል በሰው ምስክር ማፍረስ አይቻልም፤ የሚያድንዎ የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ብቻ ነው።

50,000 ብሩስ? በቁጥር 1892 መሠረት ገደብ የሚከፈለው ጉዳት ባይደርስም ነው፤ በዚያው ልክ ከእሱ በላይ ኪሣራ መጠየቅን ይዘጋል፣ ሻጩ ለመጉዳት አስቦ ወይም በከባድ ጥፋት ካላፈረሰ በስተቀር። ስለዚህ የእርስዎ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋጋው ስለተወደደ ብቻ አውቆ እንዳፈረሰ የሚያሳይ መልእክት፣ ለሌላ ገዢ ያሳየበት ማስረጃ፣ የላከው የጽሑፍ እምቢታ ካለ ጠብቀው ይያዙ፤ ያለዚያ 1,800,000 ብሩ ወደ 50,000 ይወርዳል። የዳኝነት ክፍያ የሚታሰበው በሚጠይቁት መጠን ስለሆነ፣ ማስረዳት የማይችሉትን አኃዝ መጨመር ከኪስዎ ያወጣዎታል።

ጥያቄ፦ ለሻጭ 200,000 ብር «ቀብድ» ሰጥቼ ተፈራረምን። አሁን 400,000 ብር መልሶ ልሂድ ይላል። ቤቱ ግን ከውሉ ወዲህ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ጨምሯል። ልከለክለው እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውሉ ሌላ ነገር ካላለ፣ አይችሉም። ብዙ ሰው ቀብድ ገዢን የሚያስተማምን ይመስለዋል። ሕጉ ግን በቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠው ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለውም እጥፍ መልሶ ከውሉ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ይህ የመውጫ ዋጋ ነው፤ መውጣቱ መብት ስለሆነ በላዩ የዋጋ ልዩነት አይጠየቅም።

አሁን የሚያዩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውሉ «ቀብድ» ካለ በኋላ በሌላ አንቀጽ «ተዋዋዮች ውሉን ማፍረስ አይችሉም» ወይም «ገደብ ከፍሎም ውሉ የጸና ነው» ይል እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካለ ተቃራኒ ስምምነት አለ ብለው ይከራከራሉ። ሁለተኛ፣ ሻጩ እጥፉን በእርግጥ አቅርቧል ወይስ በአፍ ብቻ ነው? ያላቀረበ ሰው በመውጫው በር አልወጣም።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ ገዢ ከሆናችሁ «ቅድሚያ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ፣ «ቁጥር 1885 ተፈጻሚ አይሆንም» የሚል አንድ መስመርም ጨምሩ።

ጥያቄ፦ የገዛሁትን ቤት ውል የሻጩ ሚስት «ሳልፈርም ነው የተሸጠው» ብላ በፍርድ ቤት አስፈረሰችብኝ። ሻጩ ያላገባ ነኝ ብሎ ነበር። ቀለምና ሴራሚክ ሠርቻለሁ፣ ዋጋውም ጨምሯል። ምን መጠየቅ እችላለሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት እንደሚያስፈልግ የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 68 ይላል፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸውና የክልልዎንም ያዩታል። በፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 69 ያልተስማማው ተጋቢ ውሉን ካወቀ በ6 ወር፣ በምንም መንገድ ከውሉ ቀን በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ክሱ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ከቀረበ የይግባኝ ነጥብ አለዎት።

ውሉ ከፈረሰ ግን እዚህ ያለው ስሌት ከላይኛው ይለያል። የተጣሰ ውል ስለሌለ የዋጋ ልዩነት መጠየቅ ያስቸግራል። «ውሉን ባልገባ ኖሮ» ወደሚለው ቅርጫት ይሂዱ፦ ዋጋው ይመለስ፣ የምዝገባና የስም ማዛወሪያ ወጪ፣ ደላላ፣ በቤቱ ላይ የጨመሩት ሥራ። በሐሰት «ያላገባሁ ነኝ» በማለቱ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 ከውል ውጪ ኃላፊነት መክሰስ ይችላሉ። የሴራሚኩንና የቀለሙን ደረሰኝ፣ ያላገባ መሆኑን ለማሳየት ያቀረበውን ማስረጃ ቅጂ አብረው ያያይዙ። ከውል የሚመነጭ ክስ በአጠቃላይ 10 ዓመት ሲኖረው፣ ይህኛው በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ይታገዳል። ቤቱን ባስረከቡ በማግሥቱ መቁጠር ይጀምሩ።