ማጥቀሻው ግማሽ ወጥ ነው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፤ በስልክ መጻፍ ሰነፍኩና ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። ቢረዝምብሽ ለዚያ ነው።

ያልሽው በአጭሩ ይሄ ነው፦ ብቻሽን ትኖሪያለሽ፣ ከሥራ ማታ 2 ሰዓት ትገቢያለሽ፣ ወጥ መሥራት ሰልችቶሻል። ትንሽ ፍሪጅና ብሌንደር አለሽ፣ ረቡዕና ዓርብ ትጾሚያለሽ። ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚሠሩ ዲፖች (ማጥቀሻዎች) ምን ምን አሉ፣ ዳቦ ከማጥቀስ ሌላስ ምን ይሠሩልኛል ነው ጥያቄው።

ከሥር የመለሱልሽን አነበብኩ። ገሚሱ ሱፐርማርኬት ሄደሽ ግዢ ይላል፣ ገሚሱ ማዮኔዝና ኬቻፕ ደባልቂ። ክፋት የለውም። ግን ማዮኔዝ በኬቻፕ ሰኞ ይጣፍጣል፣ ሐሙስ ላይ ማየትም ያስጠላል። ደግሞስ አዋዜ፣ ዳጣ፣ ሰናፍጭ ባለበት አገር ዲፕ ፍለጋ ምን አስኬደን?

እኔ 6 ዓመት በወንደላጤነት ኖሬያለሁ። አሁን አግብቼም እሁድ እሁድ ማጥቀሻ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በነዚህ ዓመታት የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ እነዚህን ነገሮች ማጥቀሻ ብቻ አድርጌ ባየኋቸው ጊዜ ሁሉ ጠርሙስ ሙሉ ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ ሻግተው መጣላቸው ነው። ግማሽ ወጥ ናቸው ብዬ ማሰብ ስጀምር ግን ሳምንት ሳይሞላ ማለቅ ጀመሩ። እስቲ አስቢው፣ ወጥ ውስጥ የሚያደክመው ምኑ ነው? ነጭ ሽንኩርት መላጡ፣ ዝንጅብል መውቀጡ፣ በርበሬ ማቁላላቱ። ይሄ ሁሉ እሁድ አንዴ አልቆ ጠርሙስ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ማክሰኞ ማታ የሚቀርሽ ማንኪያ ማንሳት ነው።

ከአዋዜ ልጀምር። ብዙ ሰው በርበሬ በውሃ ይበጠብጥና አዋዜ ነው ይላል። ይበላል፣ ግን ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጉሮሮም ይይዛል። እኔ 5 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ወስጄ፣ ትንሽ መጥበሻ ላይ 3 ማንኪያ ዘይት ለብ አድርጌ፣ በጣም በቀዘቀዘ እሳት በርበሬውን እጨምራለሁ። ከዚያ እንዳያርብኝ ውሃ ጠብ እያደረግኩ 10 ደቂቃ ያህል አማስላለሁ። ውሃው ሁሉም አንድ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ቢሆን ነው። ካረረ ይመራል፣ መድኃኒት የለውም፣ ድፊው። ከእሳት ሲወርድ ጠጅ ካለሽ አንድ ሁለት ማንኪያ ጣል ብታደርጊበት ሌላ ነገር ይሆናል፤ ከሌለሽ ግድ የለም። ጨው ግን ሳትቀምሺ እንዳትጨምሪ፣ አብዛኛው የተዘጋጀ በርበሬ ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። የመጀመሪያው አዋዜዬ ባሕር ውሃ ሆኖ ነበር። አድሮ ሲጠጥርም አትደንግጪ፣ በርበሬው ውሃውን ስለሚጠጣ ነው፣ ትንሽ አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽው ውሃ ይበቃዋል። ጥሬ ሽንኩርት ስለሌለበት እኔ ቤት ፍሪጅ ውስጥ 3 ሳምንት ይቆያል።

ይሄ አዋዜ የማይገባበት የለም። እንቁላል ፍርፍር ላይ ግማሽ ማንኪያ። ድንች ቀቅለሽ፣ ልጠሽ፣ በአዋዜ ለውሰሽ ትኩስ መጥበሻ ላይ ማገላበጥ። ሥጋ ካለሽ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት በአዋዜ አሽተሽ ፍሪጅ ውስጥ ተዪው፤ ማታ ስትገቢ 15 ደቂቃ ውስጥ አዋዜ ጥብስ ሆኖ ይጠብቅሻል። ያደረ እንጀራ ካለሽ ደግሞ አንድ ቲማቲም ከትፈሽ በአዋዜ አቁላይና ፍርፍር አድርጊው። ሽንኩርት አልባ ፍርፍር ብላ ባለቤቴ ትስቅብኛለች፣ ግን ትበላዋለች።

ዳጣ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኔ ጉድ ያለው እዚያ ነው።

ዳጣ የደቡብ ሰው ነገር ነው። ወላይታ ጥሬ ሥጋ በዳጣ ቀርቦለት የበላ ሰው ስለ ማጥቀሻ ሌላ ወሬ አይሰማም። እኔ የምሠራው እንደነሱ አይደለም፣ ሰነፍ ዳጣ በዪው። ወደ 15 የሚሆን አረንጓዴ ቃሪያ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ በሶብላ፣ ካገኘሁ ትንሽ የድንብላል ቅጠል፣ ጨው፣ የአንድ ትልቅ ሎሚ ጭማቂ፣ የቡና ሲኒ ዘይት። ብሌንደሩን ቆም እያደረግሽ ፍጪው። ሙልጭ ብሎ ከላመ የሕፃን ምግብ ይመስላል፤ እኔ ሻከር ሲል ነው የምወደው። ከፈራሽ የቃሪያውን ፍሬ ከማራገፍ ይልቅ ፍሬው የተያያዘበትን ነጩን ሥር አውጪው፣ ዋናው ማቃጠያ ያለው እዚያ ነው። ጓንት ከሌለሽ ፌስታል እጅሽ ላይ አጥልቂ። ቃሪያ ከፍቼ ዓይኔን ያሸሁበትን ቀን አልረሳውም።

ጉዱ ምን መሰለሽ። ወንደላጤ ሳለሁ አንድ ትልቅ የማር ጠርሙስ ሙሉ ዳጣ ሠራሁ። ቃሪያና ጨው ያለበት ነገር አይበላሽም፣ ላዩ ላይ ዘይት ከፈሰሰበት ደግሞ ጭራሽ ምንም አይነካውም ብዬ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬው ለሥራ ፊልድ ወጣሁ። ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ክዳኑ እንደ ሆድ ተነፍቷል። ስከፍተው ‘ጭስ!’ አለና ግማሹ ነጭ ሸሚዜ ላይ፣ ግማሹ ግድግዳው ላይ። አከራዬ ግድግዳውን አይተው ምን እንዳሉኝ እዚህ አልጽፈውም።

የሳቁ ነገር እንዳለ ሆኖ ይሄ ቀልድ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተውጦ፣ አየር ሳያገኝ፣ ከፍሪጅ ውጭ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያወጣው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። መርዙ ደግሞ ሁልጊዜ ክዳን እየነፋ፣ እየሸተተ ራሱን አያሳውቅም። ስለዚህ ዳጣውን እንደፈጨሽ ፍሪጅ፣ እዚያም ቢሆን 4 ቀን። የቀረውን በበረዶ መሥሪያው ትሪ ላይ አንድ አንድ ማንኪያ አድርገሽ ፍሪዘር አስገቢው። በረዶ ሆኖ ሲደርቅ አላቀሽ ፌስታል ውስጥ ሰብስቢው፣ ትሪው ለሌላ ይሆንሻል። መብራት ጠፍቶ ዳጣው ቀልጦ ከዋለ መልሰሽ ፍሪዘር አታስገቢው፣ ድፊው።

እነዚህ የደረቁ ዳጣዎች ናቸው ሕይወቴን ያቀለሉት። ሩዝ ስትጥጂ አንድ ፍሬ ጣል። ምስር ክክ ሲበስል አንድ ፍሬ፣ ከዘይት ጋር። የአልጫ ክክ ላይ መጨረሻ ላይ አንድ። ፓስታ አውጥተሽ በዘይትና በዳጣ ብቻ አገላብጪው፣ የቀቀልሽበትን ውሃ ሁለት ጭልፋ ጨምሪበት፣ ቲማቲም ቁሌት አያስፈልገውም። አቮካዶ ላይ በሎሚ ከፈጨሽው ደግሞ ያ የምትፈልጊው ዲፕ እሱ ነው። አይብ ላይ ካሸሽው፣ ከጎመን ጋር፣ እራት ነው።

ሰናፍጭ ለጾም ቀን ትሆንሻለች። እሷ ላይም ተሸውጃለሁ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ቶሎ እንዲሟሟ ብዬ ዱቄቱን በፈላ ውሃ በጠበጥኩት። አፍንጫ የሚል ነገር የለ፣ ዝም ብሎ መራራ ጭቃ። እናቴ ጋ ስደውል ‘ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ነው የሚቆጣው፣ ማን በሙቅ አለህ?’ አለችኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ያ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ነገር ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው፣ ውስጡ ያለ ኢንዛይም ሥራ ሲጀምር ነው የሚፈጠረው። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ሎሚ ወይም አቼቶ ደግሞ ሥራውን ያስቆመዋል፣ ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ፣ ከድነሽ፣ 10 ደቂቃ ጠብቂና በደንብ ሲቆጣ ነው ሎሚውን የምትጨምሪው። ቀድመሽ ካስገባሽው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ አለቀ። እሳት አታሳዪው፣ ኃይሉ በእንፋሎት ይሄዳል።

በዚህ አዚፋ ትሠሪያለሽ። ድፍን ምስር አንድ ብርጭቆ እስኪለሰልስ ቀቅለሽ፣ ውሃውን አንጠፍጥፈሽ፣ ሲቀዘቅዝ ግማሹን በሹካ ደፍጥጪው። ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ በደቃቁ፣ ሎሚ፣ ሁለት ማንኪያ ሰናፍጭ። ማክሰኞ ማታ ከተሠራ ረቡዕ ምሳም እራትም ነው። ቀይ ሥርና ድንች ሰላጣ ላይም ሰናፍጭ ጣል አድርጊ፣ ያ ለብ ያለ የሰላጣ ጣዕም ይነቃል።

ስልጆ የጠየቀችም ነበረች ከሥር። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት የሚብላላ ነው። እወደዋለሁ፣ ግን ራሴ አልሠራም፣ ከእናቴ ነው የማመጣው። ማታ 2 ሰዓት ለሚገባ ሰው አልመክርም።

ሽምብራ ላይ ግን አጥብቄ እመክርሻለሁ። ሁሙስ (ሽምብራ ተቀቅሎ ታሂኒ ከሚባለው የሰሊጥ ልቁጥ ጋር የሚፈጭ ማጥቀሻ) የሩቅ ሰው ምግብ ይመስለናል እንጂ በአፍሪካ ሽምብራ በማምረት አንደኛ እኛ ነን። ታሂኒው ሰሊጥ ነው፣ የሁመራ ሰሊጥ። እስራኤል ያለ የአክስቴ ልጅ እዚያ ታሂኒ ሲሸጥ ከሁመራ ሰሊጥ የተሠራ መሆኑ እንደ ማዕረግ ነው የሚነገረው ይለኛል። እኛ እዚህ ተቀምጠን ከውጭ የመጣ ሁሙስ በውድ እንገዛለን!

ሽምብራውን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጋር ሌሊቱን ዘፍዝፊ፣ ጠዋት አጥበሽ ቀቅዪ። ሶዳው ቆዳውን ያላላዋል፣ ጋዝም ይቆጥብልሻል። በጣት ሲጫኑት ክሽን ብሎ መፍረስ አለበት። የቀቀልሽበትን ውሃ እንዳትደፊው፣ ያለ እሱ ደረቁን ለመፍጨት ሞክሬ የመጀመሪያውን ብሌንደሬን አቃጥያለሁ። ሰሊጡን ዘይቱ እስኪሸትሽ ብቻ ቆላ አድርጊ፣ ከቀላ ይመራል። ሰሊጡ ከተወደደብሽ ሁለት ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ተኪበት፤ ሁሙስ አይደለም የሚል ካለ መጥቶ ይክሰሰኝ። ከዚያ ከሽምብራው ጋር አብረሽ ፍጪው፤ ሎሚ፣ ጨው፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት። ስትቀቅዪ ግን ከሚያስፈልግሽ እጥፍ ቀቅዪና ግማሹን ሳትፈጪ አስቀምጪው። ዓርብ ማታ እሱን በአዋዜና በአንድ ቲማቲም 10 ደቂቃ ብታንተከትኪው ሰው የሚጠራበት ወጥ ነው።

እርጎ ለማትጾሚበት ቀን ነው። በንጹሕ ሻሽ አስረሽ ፍሪጅ ውስጥ ሳህን ላይ አንጠልጥለሽ ካሳደርሽው ወፈር ይላል፣ ጨውና የዳጣ ፍሬ አንዱን ጨምረሽ ዳቦ ላይ ቀቢው። ቢሮ ምሳ እቃ ውስጥም አይፈስም።

ጠርሙሶቹ ትንንሽ ይሁኑ። ትልቅ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ይበላሻል። የፈላ ውሃ አሳልፊባቸውና በደንብ አድርቂ፣ ፕላስተር ለጥፈሽ ቀን ጻፊበት። እርጥብ ማንኪያ፣ የተላሰ ማንኪያ፣ እንጀራ የነካው እጅ አይግባበት። እኔ ቤት ትልቁ ጠብ የሚነሳው በዚህ ነው።

ሁሉንም በዚህ እሁድ አትጀምሪ፣ ይሰለችሽና ትተዪዋለሽ። ለመጀመሪያ አዋዜና ዳጣ ብቻ ሥሪ፣ ሁለቱም ተደምረው 40 ደቂቃ አይፈጁም። ሽምብራውን የሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ትዘፈዝፊዋለሽ። አዋዜው ጨው ከበዛበት እዚሁ ጻፊልኝ፤ ጨው የሌለው በርበሬ ካገኘሽ ደግሞ ከየት እንዳመጣሽው እኔንም ንገሪኝ።