ሼርድ ፎልደሩ ይታያል፣ ሲከፈት ግን «ፐርሚሽን ዲናይድ»

ወንድሜ፣ ዊንዶውስ ላይ በቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥረው ፕሮግራም) ኡቡንቱ ጭነህ፣ ሁለቱ የሚጋሩት ሼርድ ፎልደር ሚዲያ ሥር ቢታይህም አልከፈት ብሎ፣ ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ የሚሰጠው ቸሞድ 777 እንኳ ምንም አልለወጠም ብለሃል። አይለውጥማ! የዚህ ፎልደር ፈቃድ የሚወሰነው ማውንት ሲደረግ (ከኡቡንቱ ጋር ሲያያዝ) ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትሰጠው ቸሞድም ሆነ ቾውን (ባለቤት መቀየሪያው) ዋጋ የለውም። ኦቶ ማውንት ካልከው ጌስት አዲሽንስ (ኡቡንቱ ውስጥ የሚጫነው የቨርቹዋልቦክስ አጋዥ) ባለቤቱን ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ)፣ ግሩፑን «ቪቦክስኤስኤፍ»፣ ፈቃዱን 770 ያደርገዋል። የመጨረሻዋ 0 ከግሩፑ ውጭ ላለ ዩዘር ሁሉ ዝግ ነው ማለት ናት።

ስለዚህ ራስህን ግሩፑ ውስጥ አስገባ። ተርሚናል ላይ «ሱዶ ዩዘርሞድ» ብለህ፣ ከሰረዝ ቀጥሎ ትንሿን ኤ እና ትልቋን ጂ አጣብቀህ፣ ከዚያ የግሩፑን ስም፣ መጨረሻ ላይ ዩዘርኔምህን ጻፍ። ትንሿን ኤ አደራ! እሷ ከተረሳች ከሌሎቹ ተጨማሪ ግሩፖች ሁሉ ትወጣለህ፤ «ሱዶ» ራሱ ከነሱ አንዱ ስለሆነ ስህተቱን ለማረም የሚያስፈልግህን ሥልጣንም ታጣለህ።

ብዙ ሰው «አደረግኩት፣ አልሠራም» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ተርሚናሉን ዘግቶ መክፈት አይበቃም፤ ግሩፑ የሚነበበው ሎግ ኢን ሲደረግ ነውና ሎግ አውት አድርገህ ተመለስ፣ ወይም ኡቡንቱን ሪስታርት አድርግ። «አይዲ» የሚለውን ትዕዛዝ ስትሰጥ የግሩፑ ስም ዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለበት። ፋይሎቹን የሚያነብልህ አፓቼ (ዌብ ሰርቨሩ) ከሆነ ደግሞ የአፓቼን ዩዘርም በዚሁ መንገድ ጨምረህ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግ።

ባለቤቱ የግድ አንተ መሆን ካለብህ ኦቶ ማውንቱን አጥፍተህ በእጅህ ማውንት አድርግ፤ ኦፕሽኑ ላይ ዩአይዲ 1000፣ ጂአይዲ 1000 ስጠው (ያንተን ቁጥር ያው «አይዲ» ይነግርሃል)። የምትጽፈው ቨርቹዋልቦክስ ላይ ለሼሩ ያወጣህለትን ስም እንጂ የዊንዶውሱን አድራሻ አይደለም።

ማንበብ ችለህ መጻፍ ካቃተህ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሆስቱ (ከዊንዶውሱ) በኩል ነው፦ ሴቲንግ ላይ «ሪድ ኦንሊ» ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ እይ፣ ቨርቹዋልቦክስን የከፈተው የዊንዶውስ ዩዘርም እዚያ ፎልደር ላይ መጻፍ መቻሉን አረጋግጥ።

ኤንፒኤም ኢንስቶል (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች መጫኛው ትዕዛዝ) ላይ የሚመጣብህ ኤረር ካለ ግን ከዚህ ሁሉ አይገናኝም። ቨርቹዋልቦክስ ለደኅንነት ሲል ሼርድ ፎልደር ውስጥ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) መፍጠርን ይከለክላል። ክልከላውን ከማንሳት ፕሮጀክቱን ኡቡንቱ ሆም ውስጥ አስቀምጠህ ሼሩን ፋይል ለማመላለስ ብቻ ብትጠቀምበት ይሻላል፤ ፍጥነቱም ለየቅል ነው።