ቆጠራውን የሚያውቅ ሰው

ወንድሜ፣ አብሽር። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የአእምሮ ሕመም ነበረብኝ፣ ታስሬም ወጥቻለሁ፤ አሁን ደኅና ነኝ። የጤና ጣቢያችን ነርስ በቅርቡ ከማረሚያ ቤት የሚፈቱ ሁለት ሕመምተኞችን አግዛቸው አለችኝ። ሐኪም አይደለሁ፣ ሽማግሌም አይደለሁ፤ ምን ላደርግላቸው እችላለሁ?» ነው ያልከው። እኔ ደሴ ላይ በዚህ ሥራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ተኩል ታስሬአለሁ፤ ሕመሙ የጀመረኝ ደግሞ ከመታሰሬ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው።

መጀመሪያ ያገዝኩት ሰው የሐይቅ አካባቢ ገበሬ ነበር። የተፈታ ዕለት በሚኒባስ አብሬው ሄድኩ። እናቱ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ቡና አቅርበው ጠበቁን። ወደ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ በጨዋታ ደምቆ ሳለ፣ ስኒውን አስቀምጦ ተነሣና በሩ አጠገብ ሄዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ዝም አለ። እናቱ «ምነው ልጄ?» ቢሉት መልስ የለም። እኅቱ ማልቀስ ጀመረች፤ አጎቱ «ተነሣበት፤ ነገ በጠዋት ሆስፒታል ይመለስ» አሉ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። እስር ቤት ውስጥ እስረኛ ቆሞ የሚቆጠርበት፣ የማታ ቆጠራ ሰዓት ነበር። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩና «ዛሬ ቆጣሪ አይመጣም፤ ቶናው ሊቀዳ ነው» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሳቀ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

የአንተ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ሕመሙን ያውቃል፤ እናት ልጇን ታውቃለች። የትኛው የሕመሙ፣ የትኛው የእስር ቤቱ እንደሆነ ለመለየት ግን ሁለቱንም የቀመሰ ሰው ይቀለዋል። መብራት ሲጠፋ እንቅልፍ የሚነሣው፣ ዳቦ ቆርሶ ትራስ ሥር የሚያስቀምጥ፣ በገዛ ቤቱ ሽንት ቤት ለመሄድ የሚያስፈቅድ ሰው ቤተሰቡን ያስደነግጣል። አንተን አያስደነግጥህም፤ ለእነሱም ታስረዳቸዋለህ።

ግን ይኸው እውቀት ያሳውራል፤ እኔን አሳውሮኛል። የማግዘው የሌላ ሰው ባለቤት ደውላ «ሦስት ሌሊት አልተኛም» ስትለኝ፣ «እኔም ስወጣ እንዲሁ ነበርኩ፤ ይለምደዋል» አልኳት። በማግስቱ «ስለ እኔ ያወራል» ብሎ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሰባበረው። ኋላ ሲጣራ በየወሩ የሚወጋው መርፌ ቀኑ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖት ኖሯል። የራሴን ታሪክ እሱ ላይ ጫንኩበት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ጠፋ ከተባልኩ ምክንያት አልፈልግም፤ ለነርሷ እደውላለሁ።

ከመርፌው ላይ ልቀጥል። ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ከማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ አንድ ወረቀት ለማግኘት ሞክሩ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ መርፌ ከሆነ መጨረሻ የተወጋበት ቀን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሰው ካርዱን ጥሎ ነው የሸሸው፤ «ነጯ እንክብል» እያሉ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያኔ አይቼዋለሁ። እኔ አሁን የያንዳንዱን ወረቀት በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ። የሚፈታበትን ቀንም ቀድማችሁ እወቁ። በአመክሮ የሚወጣ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ ስለሆነ ይሰላል፤ የይቅርታ ግን ድንገት ነው፣ ስሙ ይጠራና በዚያው ይወጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አትራቅ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከእስር የተፈታ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድሉ ከሌላው ነዋሪ ወደ 13 እጥፍ ይጠጋል። እዚያ ዋናው ገዳይ ከመጠን ያለፈ ዕፅ ነው፤ የእኛ ጉዳይ ይለያል። ቢሆንም እኔ ያየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ በእነዚያው ቀናት የተፈጠሩ ናቸው፤ መድኃኒቱ አልቋል፣ ቤተሰቡም የእንግድነቱን ድግስ ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል።

የጤና መድኑን ነገር አትርሳ። ሐይቅ ያለበት የተሁለደሬ ወረዳ ይህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ሰዉ ያውቀዋል። ግን ዓመታት ታስሮ የነበረ ሰው ስሙ ከቤተሰቡ ደብተር ላይ ላይኖር ይችላል። መታወቂያውም እንዲሁ ጊዜው አልፎበት ይሆናል። ቀበሌ አብረኸው ሂድና ወረፋው ላይ አብረኸው ቁም። ብቻውን ከላክኸው ከወረፋው መሃል ወጥቶ ይመለሳል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

አንገቱ ወደ ጎን ከተጣመመ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ ጠንቋይ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ድረስላቸው። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ማርገቢያም አለው፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ውሰደው። በጸበልና በዱአ ጉዳይ ግን አትከራከር። እኔ ራሴ ሁለቱም ባሉበት ቤት ነው ያደግኩት። መድኃኒቱን አቁም እስካላሉት ድረስ ይሂድ። ረመዳን የሚጾም ከሆነ የመዋጫው ሰዓት ከኢፍጣር በኋላ እንዲሆን ነርሷን ቀድመህ ጠይቅ፤ አለዚያ በራሱ ያቆመዋል። ጫትን በተመለከተ ግን አልለሳለስም። «ወዳጃ ላይ፣ ሰው ለዱአ በሚሰበሰብበት፣ ተቀመጥ፤ ቡናውን ጠጣ፣ ምርቃቱን ተቀበል፤ ቅጠሉ ይለፍህ» እለዋለሁ። ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙ።

ደም ያለበት ጉዳይ ከሆነ አትግባበት። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ደም እስኪደርቅ ድረስ ሰውየው ወደ መንደሩ አይመለስ፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዘመድ ይፈለግለት። ከታረቀ በኋላ ግን ለቅሶ ሲኖር ከቅሬው፣ ማለትም ከእድሩ፣ ሰዎች ጋር ይሂድ፤ አንተ ከኋላ ሁን። ድንኳን ሲተክል ያየው ጎረቤት የበለጠ ይቀርበዋል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከመንግሥት የጤና መድን ይከፈልበታል። እኔ የባጃጁን ከኪሴ ነው የምከፍለው። ስለዚህ የምትችለውን ያህል ብቻ ቃል ግባ። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ሳምንት አትቀበል፤ የራስህን የቀጠሮ ቀንም ለማንም ብለህ አታሳልፍ።

ደግሞ ማስታወሻ ደብተር ይዘህ ፊታቸው አትጻፍ። እስር ቤት ውስጥ የሚጽፍ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ጆሮ ጠቢ ነው። የነገሩህን ለፖሊስም ለቀበሌም እንደማታደርስ በመጀመሪያው ቀን ንገራቸው። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ነው ብለህ ከሠጋህ ግን ለሐኪም እንደምትናገር ያንኑ ቀን ጨምረህ ንገራቸው፤ በኋላ ከዳኸኝ እንዳይሉህ።

ነገ ለነርሷ ደውለህ የሚፈቱበትን ቀን ጠይቃት። ጊዜ ካለ ከመውጣታቸው በፊት ጠያቂ ሆነህ ግባ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ የታሰረ ሰው ጓደኞቹ እንዲጎበኙት መብት ይሰጠዋል፤ በር ላይ ማነህ ሲሉህ «ጓደኛው ነኝ» በል። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ብርቱካን ያዝ፣ ከሁለት ኪሎ አታሳንስ። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚተኛ ታውቀዋለህ።