ጥያቄና መልስ፦ የሕክምና ተማሪና ኤአይ

የዛሬው መላሻችን በደቡብ ወሎ የሚሠሩ የቆዳ ሐኪም ናቸው። ጉዳዩ ተማሪዎች በሽታ ለመለየት ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) እንዴት እንደሚያዩት ነው።

ሲ-ዋን (ሆስፒታል ውስጥ መማር የጀመረ) ተማሪ፣ ደሴ፦ ዶክተር፣ ባቻችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ቻትጂፒቲን ሳይጠይቅ ራውንድ (የሕሙማን ጉብኝት) አይገባም። ግማሹ ነገ እንጀራችንን ይነጥቀናል ብሎ ይፈራል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መላሽ፦ አብሽሩ፣ እንጀራችሁን አይነጥቅም። እኔን የሚያሳስቡኝ የፊተኞቹ ናቸው። ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ውሰዱ፣ በሽተኛውን መርምሩ፣ የራሳችሁን ዲፈረንሻል (የምትጠረጥሯቸውን በሽታዎች ዝርዝር) በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ ቻትጂፒቲን ክፈቱት። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የፖላንድ ጥናት አለ፦ ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያዩ ሐኪሞች ኤአይ ከለመዱ በኋላ፣ ያለ እሱ ሲሠሩ አዴኖማ (ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል እብጠት) ያገኙባቸው ምርመራዎች ከ28.4 በመቶ ወደ 22.4 በመቶ ወርደዋል። እነዚያ ሙያውን የጨበጡ ናቸው። እናንተ ገና እየተማራችሁ ነው።

ኢንተርን፦ የቆዳ ቁስል ፎቶ አንስተን ብንሰጠውስ?

መላሽ፦ ይህን ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የተማሩት በነጭ ቆዳ ፎቶ ነው። በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ656 ፎቶዎች ሲፈትኗቸው፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት በመጽሐፍ እንደምታዩት ቀልቶ አይታይም። ደግሞ እኛ ጋ የሚመጣውን አስቡ። ከደጋ የመጣ ልጅ ጉንጩ ላይ ወራት የቆየ እብጠት ካለው ቁንጭርን (ከሽኮኮ በአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው የሚተላለፍ የቆዳ በሽታ) እናስባለን፤ ቤታችሁ ገደል አጠገብ ነው ወይ፣ ሽኮኮ አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን። ፎቶው ይህን አይናገርም። ናሙናውም በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ነጣ ያለ ምልክት ያለበት ሰው ሲመጣ ዓይኑን አስጨፍናችሁ ምልክቱን በጥጥ ጫፍ ንኩት፤ ካልተሰማው ሥጋ ደዌን አስቡ። ክርኑ ላይ ነርቡን ዳስሱ፣ ወፍሮ እንደሆነ እዩ። በቆዳና በሥጋ ደዌ ሕክምና በሚታወቀው፣ ደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የመማር ዕድል ያገኛችሁ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ እጃችሁን አሠልጥኑ።

ተሳታፊ፦ ኤአይ ግን ጥሩ ነው መጥፎ?

መላሽ፦ ለየትኛው በሽታ? ለየትኛው ሥራ? ለይተህ ጠይቅ።

ጤና መኮንን፣ ወልዲያ፦ ዶክተር ይቅርታ፣ ልጆቹን አብዝተው አያስፈሯቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለቲቢ ማጣሪያ የደረት ኤክስሬይን ሶፍትዌር ሊያነበው እንደሚችል መክሯል። ሬዲዮሎጂስት በሌለበት ወረዳ ሌላ ማን ያነበዋል?

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ ያ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት ብቻ ነው። ሒሳቡንም እየው። ከ1,000 ሰው 10ሩ ታማሚ ቢሆኑ፣ ሴንሲቲቪቲው (ታማሚውን የመያዝ አቅሙ) 90፣ ስፔሲፊሲቲው (ጤነኛውን ነፃ የማለት አቅሙ) 70 በመቶ የሆነ ሶፍትዌር 9ኙን ይይዛል፤ ከ990 ጤነኞች ግን 297ቱን ይጠረጥራል።

ጤና መኮንን፦ ታዲያ የ306 ሰው አክታ መመርመር የ1,000ውን ከመመርመር አይቀልም?

ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦ የአክታ መመርመሪያው ካርትሪጅ ሲያልቅስ?

መላሽ፦ ኤክስሬዩን የሬዲዮሎጂ ሰው ይመልስላችሁ። የምታወሩት ስለ ማጣሪያ ነው፤ መድኃኒት ለማስጀመር ብቻውን አይበቃም። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ተሳታፊ፦ ዶክተር፣ የቆዳ ፎቶ ለኤአይ መላክ ይቻላል?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ አንብቡ እንጂ! አንድ ልጨምር፦ ፊት፣ ስም ወይም የካርድ ቁጥር የሚታይበት ፎቶ በፍጹም አታስገቡ። መጀመሪያ የራሳችሁን ዲፈረንሻል ጻፉ። ይህን ስንቴ ልበል?

ሲ-ዋን ተማሪ፣ ደሴ፦ ከጻፍን በኋላ ምን ብለን እንጠይቀው?

መላሽ፦ ይህ ጥያቄ ነው። «በሽታው ምንድን ነው?» አትበሉት። «ከእነዚህ ሌላ ምን ረሳሁ? የትኛው ምልክት ግምቴን ያፈርሰዋል?» በሉት። መልሱን ይዛችሁ ወደ በሽተኛው አልጋ ተመለሱና ያንን ምልክት ፈልጉ። ካገኛችሁትም ካጣችሁትም ለሲኒየራችሁ ንገሩ።