ጥያቄና መልስ፦ በከተሞቻችን እግረኛ በሰላም የሚሄድበት መንገድ እንዴት ይታቀድ?

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሙያዬ የከተማ መንገድ ንድፍ ነው፤ ብዙ የደከምኩት በእግረኛ ማቋረጫና በዓይነ ስውራን መሄጃ ንጣፍ ላይ ነው። ስለየከተማችሁ ጠይቁኝ። አደራ የምላችሁ ግን ከመጠየቃችሁ በፊት እንድትለኩ ነው። የመንገዱን ስፋት፣ የጠርዙን ከፍታ፣ ለመሻገር የሚፈጀውን ሰከንድ ይዛችሁ ኑ።

ከደሴ፦ እናቴ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። ከቤታችን እስከ ጤና ጣቢያው መንገዱ ዳገት ነው። የጠርዝ ድንጋዩ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ምን ማድረግ ይቻላል?

መላሽ፦ ለክተው ስለመጡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠርዙ ቀላል ነው። የመወጣጫ ልኩ አንድ ለአሥራ ሁለት ስለሆነ 15 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 1.80 ሜትር ርዝመት ይበቃል። ብዙ ቦታ ግን ግማሽ ሜትር የማይሞላ ሲሚንቶ ያፈሱና «መወጣጫ ሠርተናል» ይላሉ። እንዲህ ያለው ወንበሩን ወደ ኋላ ይገለብጣል፤ አያሠሯቸው። ከባዱ ዳገቱ ነው፤ መንገዱ ራሱ ከአንድ ለአሥራ ሁለት በላይ ከቆመ የጠርዙ መስተካከል ብቻ እናትዎን ጤና ጣቢያ አያደርሳቸውም። ስለዚህ አጭሩን ትተው ተዳፋቱን በአግድም የሚሄደውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይፈልጉ፤ ቢረዝምም ይሻላል። ዳገት በሚበዛበት በየመሀሉ 1.50 ሜትር የሚሆን ለጥ ያለ ማረፊያና የእጅ መደገፊያ ይጠይቁ። ይህም ካልሆነ ታክሲና ባጃጅ በጤና ጣቢያው በር ላይ የሚቆሙበት ቦታ ይከለል።

ከጎንደር፦ የእኛ ሰፈር መንገድ በጣም አስቸጋሪ ነው። ምን ይመክሩናል?

መላሽ፦ የትኛው መንገድ? ለማን አስቸጋሪ ሆነ? ስፋቱ ስንት ነው? ለክተው ይመለሱ።

ከአዲስ አበባ፦ አሁን በሚሠሩት የእግረኛ መንገዶች ላይ የሚነጠፈው ባለ ጉብታ ንጣፍ ጥቅሙ ምንድን ነው? ለጌጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ንጣፉን የፈለሰፈው ሴኢቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈውም በ1967 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በኦካያማ ከተማ ነው። ዛሬ የምናውቀው ሁለት ዓይነት ነው። ረጃጅም መስመር ያለው «በዚህ ቀጥል» ይላል፤ ክብ ክብ ጉብታ ያለው «ቁም፣ ከፊትህ ማቋረጫ ወይም ደረጃ አለ» ይላል። ዓይነ ስውሩ በነጭ በትሩና በጫማው ሶል ያነበዋል። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በክብ ጉብታ ከሞላነው በየእርምጃው ቁም እያልነው ነው፤ እውነተኛው አደጋ ሲደርስ መለያ የለውም። ከዚህ የከፋው ደግሞ መስመሩ ሄዶ ሄዶ መብራት ምሰሶ ላይ ወይም ክፍት ማንሆል ላይ ሲያበቃ ነው። አምኖ የተከተለውን ሰው ራሳችን ወደ ጉድጓድ መራነው ማለት ነው! ሥራው ከመረከቡ በፊት ከዓይነ ስውራን ማኅበር አባላት ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይኬድበት። በወረቀት ላይ የማይታየው ስሕተት ያን ጊዜ ይወጣል።

ከባሕር ዳር፦ ዋናው ችግር ጉሊት ነው። መንገዱ ቢሰፋም ሽንኩርትና ልባሽ ጨርቅ ይሞላዋል። ይነሡ!

ከአዳማ፦ ተነሥተው የት ይሂዱ? እኔን ያሳደገችኝ እናቴ በጉሊት ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆመውን መኪና ለምን አትናገሩም? አንድ መኪና የአራት ጉሊት ቦታ ይይዛል።

ከባሕር ዳር፦ እናትን የነካ የለም፤ ልጆቻችን ግን አስፋልት ላይ ወርደው እየሄዱ ነው።

ከአዳማ፦ ወደ አስፋልት የሚያወርዳቸው መኪናው ነው እላለሁ።

መላሽ፦ ይህ ክርክር እዚህ ላይ ይብቃ። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ለመተላለፍ 1.80 ሜትር ይፈልጋሉ። ይህ ስፋት ከግንቡ እስከ አስፋልቱ ባለው ቦታ ላይ ሳይቆራረጥ ክፍት ይሁን፤ ከዚያ የተረፈው ለጉሊትም ለዛፍም ይሰጥ። መኪና ግን ለአንድም ደቂቃ አይቁምበት። የአዳማው አባል ስለ መኪናው ያሉት ልክ ነው።

ከሐዋሳ፦ ትምህርት ቤታችን በር ላይ መኪናና ባጃጅ ይበራል። መንገዱ 14 ሜትር ነው። ኮሚቴያችን የእግረኛ ድልድይ ሊጠይቅ ነው።

መላሽ፦ እባካችሁ ድልድይ አትጠይቁ! ደረጃውን ተሽከርካሪ ወንበር አይወጣውም፤ ነፍሰ ጡርም፣ አረጋዊም፣ እንጨት የተሸከመችም አትወጣውም። የቸኮለ ሁሉ ከሥሩ ያቋርጣል፤ ሹፌሩም «ድልድይ አለላቸው» ብሎ ይበልጥ ይፈጥናል። ስሌቱን አብረን እንሥራ። ጤነኛ ጎልማሳ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ቢባል 14 ሜትሩን በ12 ሰከንድ ይሻገራል። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አዛውንት ግን 17 ሰከንድ ተኩል ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ መሀል ላይ እግረኛው ቆሞ የሚጠብቅበት 2 ሜትር ስፋት ያለው መጠለያ ይሠራ፤ ያን ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚያቋርጡት 6 ሜትር ብቻ ነው፤ የሚያዩትም አንድ አቅጣጫ ብቻ። ዜብራው ራሱ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ከእግረኛው መንገድ ጋር ይስተካከል፤ ሹፌሩ ሳይወድ በግዱ ያዘገያል። በበሩ ፊት የመኪናው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ5 በመቶ ሲቀንስ ሞት የሚያስከትሉ አደጋዎች በ30 በመቶ ይቀንሳሉ ይላል።

ከጅማ፦ በመንገድ ዳር የትኛው ዛፍ ይሻላል?

መላሽ፦ የዕፅዋት ባለሙያ ይጠይቁ። ቅርንጫፉ የሰው ፊት እንዳይመታ ብቻ ይከርከም።

ከድሬዳዋ፦ የእግረኛ ድልድይ ቢሠራስ አይሻልም?

መላሽ፦ ለሐዋሳው አባል የመለስኩትን ያንብቡ።

ከደብረ ብርሃን፦ ማዘጋጃ ቤቱን በሕግ መጠየቅ ይቻላል?

መላሽ፦ ጠበቃ አይደለሁም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ማጽደቋንና ስምምነቱ መንገድንም እንደሚያካትት ግን በደብዳቤያችሁ ጥቀሱ። ልኬቱንም አያይዙ።

ከወልድያ፦ በጀት የለንም። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ብቻ ብንሠራ ምን ይሁን?

መላሽ፦ የፍሳሽ ቦዩን ክደኑ። ጎርፍ መንገዱን ሲሸፍነው ክፍቱ ቦይ አይታይም፤ ሕፃን የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ክዳኑ የብረት ፍርግርግ ከሆነ ብረቶቹ ለእግረኛው አካሄድ አግድም ይሁኑ፣ ክፍተታቸውም ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። በቁመት ከተደረደሩ የወንበሩ የፊት ጎማና ነጭ በትሩ ገብቶ ይቀረቀራል። ብረቱ ይሰረቃል ካላችሁ በኮንክሪት ክደኑት፣ ውኃ ማስገቢያ ቀዳዳውን ወደ ጠርዙ አድርጉት። ከትምህርት ቤቱ በር ጀምሩ፤ ልኬቱን ላኩልኝና አየዋለሁ።